አንበሴ የማይሻገረው ደፍ

ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሠራው ኖዓ ወደ በርሊን ልትዛወር መሆኑን ነገረችኝ። ባሏ እዚያ ሥራ አግኝቷል። ዕቃቸውን ሸጠው፣ ሁለት ሻንጣና አንዲት ግራጫ ድመት ይዘው ሊሄዱ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሳህኗን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ “አንቺ ከኢትዮጵያ ውሻ አምጥተሻል አሉ። ምን ምን ያስፈልጋል?” አለችኝ።

ማን እንደነገራት አላውቅም። በሥራ ቦታ ብዙ አላወራም፤ ስለ ቤቴማ ጭራሽ። ግን ጥያቄው የወረቀት ጥያቄ ስለነበረ አላስቸገረኝም። ከቆዳ ሥር ስለምትገባው ቁጥር ያላት ቅንጣት፣ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ስለ ደም ምርመራውና ከምርመራው በኋላ ስላለው መጠበቅ ነገርኳት። ኖዓ ሁሉንም በስልኳ ላይ ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ፣ “ከደረሳችሁ በኋላስ? ቤቱን ለመደው?” አለችኝ።

“ለመደው” አልኳት።

ውሸት አይደለም። ግን ማታ አሁን ወደምኖርበት ወደ ክርያት ሐይም በሚወስደኝ ባቡር ተቀምጬ፣ የወደቡን ክሬኖች በመስኮት እያየሁ ስሄድ፣ መልሴ ግማሽ እንደሆነ ተሰማኝ። ስለ አንበሴ የሚጠይቁኝ ሰዎች ሁሉ በአውሮፕላን እንዴት እንደመጣ ነው የሚጠይቁት። አውሮፕላኑ ቀላል ነበር። አስቸጋሪው ነገር የጀመረው ወረቀቱ ሁሉ ካለቀ፣ ማኅተሙ ሁሉ ከተመታ በኋላ፣ ሐይፋ ውስጥ እናቴ በምትኖርበት በኔቬ ዮሴፍ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በገዛ በራችን ፊት ነው።

እናቴና እኔ ከጎንደር ወደ ሐይፋ ስንመጣ ገና ሕፃን ነበርኩ። አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ የመግቢያ ፈቃዳቸው ስላልመጣ እዚያው ቀሩ። እሳቸው እየጠበቁ እኔ እዚህ ትምህርት ቤት ጨረስኩ፣ ውትድርናዬንም ጨረስኩ። ፈቃዳቸው የመጣው ዩኒቨርሲቲ ልገባ በምዘጋጅበት ዓመት ነው። እናቴ ዜናውን በስልክ እያለቀሰች ስትነግራቸው አዳመጡና፣ “አንበሴስ?” አሉ።

እናቴ እንባዋን ጠርጋ ስልኩን ትኩር ብላ አየችው።

“አባዬ፣ ውሻ እኮ ነው።”

“ውሻ መሆኑንማ አውቃለሁ። እኔ እዚያ ተኝቼ እሱ እዚህ ማንን ይጠብቅ?”

ለመነቻቸው፣ ተቆጣቻቸው፣ ዘመድ ላከችባቸው። አልሆነም። በመጨረሻ ሄጄ ሁለቱንም እንዳመጣ ተወሰነ። አማርኛውንም ዕብራይስጡንም እችላለሁ፣ ወረቀት አልጥልም። ከሰው ጋር መነጋገር እንደሚያስፈራኝ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ ወረቀት ግን ቀና ብሎ አያይም፣ ስለዚህ ከወረቀት ጋር ተስማምተን ነው የኖርነው። የክትባቱንና የደሙን ነገር ከሐይፋ ሆኜ በስልክ አስጨረስኩ። የጎንደሩ የእንስሳት ሐኪም የአንበሴን ደም ቀድቶ ውጭ አገር ወዳለ ቤተ ሙከራ የላከ ዕለት አያቴ ደወሉና፣ “ጉድ እኮ ነው። ስንት ዘመን ደጅ የጠናሁት እኔ፣ የውሻዬ ደም ቀድሞኝ ገባ” ብለው ለረጅም ጊዜ ሳቁ።

ጎንደር ስደርስ ክረምቱ እየወጣ ነበር። ወደ አያቴ ቤት የሚወስደው ቁልቁለት ገና ጭቃ ነው፤ ጫማዬ በየእርምጃው እየተጣበቀ ያስቸግረኝ ነበር። አጥሩ ጋ ስደርስ የሚጮኽ ትልቅ ውሻ ጠብቄ ቆምኩ። ስሙ አንበሴ ነዋ። የወጣው ግን ቢጫ፣ ቀጭን፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ፣ ቁመቱ ከጉልበቴ ብዙም የማይበልጥ ውሻ ነው። ሁለት ጊዜ ብቻ ጮኸ። ከዚያ አያቴ ከውስጥ “ልጃችን ናት” ሲሉት ጭራውን ቆልቶ መንገድ ለቀቀልኝ።

ደፉን ያስተዋልኩት በዚያው ቀን ነው። ከአያቴ ጋር ምሳ ስንበላ በሩ ክፍት ነበር። አንበሴ ደጅ ተቀምጧል። የፊት እግሮቹ ከእንጨቱ ደፍ ውጭ፣ ጥፍሩ እንጨቱን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ እንደተሰመረ ቆመዋል። የዶሮ ወጡ ሽታ መንገድ አድክሞኝ የመጣሁትን እኔን እንኳ ሰውነቴን ሁሉ ቀስቅሶታል፤ እሱ ምራቁ ይንጠባጠባል፤ ግን አይገባም። ቁራሽ ይዤ ብጠራው እኔን ትቶ አያቴን አየ።

“አይገባም” አሉኝ። “ቤት የሰው ነው፣ ደጅ የውሻ ነው። ቡችላ ሳለ አንድ ጊዜ ገብቶ ነበር። አቅፌ አወጣሁትና እጄን እደፉ ላይ አሳርፌ ‘እስከዚህ’ አልኩት። በቃ።”

“ሳይመቱት?”

“ኧረ ምን በወጣው። የነገሩትን የሚሰማ ለምን ይመታል?”

የአያቴ ትውልድ እንዲህ ነው። ቤታቸው ለሰንበት ይጠረጋል፣ ይታጠባል፤ ያገኘውን ሁሉ የሚልስ እንስሳ በዚያ ወለል ላይ አይሄድም። ይህ ለውሻው ጥላቻ አልነበረም። ምግቡን ራሳቸው ፈትፍተው፣ እፍ ብለው አብርደው ነው የሚሰጡት። ግን ሁለቱ፣ ሰውየውና ውሻው፣ በመካከላቸው አንድ እንጨት አስቀምጠው በሰላም ይኖሩ ነበር።

የጉዞውን ነገር ባጭሩ ላልፈው እችላለሁ። አንድ ነገር ብቻ አይረሳኝም። አዲስ አበባ ላይ አንበሴን ወደ መጓጓዣ ሳጥኑ ስናስገባ አያቴ የለበሱትን ነጠላ አውልቀው አነጠፉለት። አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ “አሁን ያለው ከእኛ ሥር ነው?” አሉኝ። አዎ፣ የዕቃው ክፍል ታች ነው አልኳቸው። አያቴ ጥቂት አሰቡና ጫማቸውን አወለቁ። እስክንደርስ ድረስ እግራቸውን ወለሉ ላይ ቀስ አድርገው ነበር የሚያሳርፉት።

ሕንፃችን አሳንሰር የለውም። አንበሴ ግን ደረጃ አይቶ የማያውቅ ፍጥረት አይመስልም፤ እያሸተተ፣ በየፎቁ ቆም ብሎ ወደ ኋላ እያየን፣ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ። እናቴ በሩን ከፍታ ቆማለች። አባቷን አቅፋ፣ ተላቅሳ፣ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። እኔም ሻንጣ እየጎተትኩ ገባሁ። ዘወር ስል አንበሴ ውጭ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል። የፊት እግሮቹ ከበሩ መስመር ወዲያ፣ ልክ እንደ ጎንደሩ።

እዚህ የእንጨት ደፍ የለም። በቤታችንና በደረጃው መካከል ያለችው ሰው የማያያት ቀጭን የእብነ በረድ ቁራጭ ናት። አንበሴ ግን አያት።

አያቴ ተመልሰው መጥተው ተመለከቱትና ፊታቸው በራ። “አያችሁት? አልረሳም።”

የመጀመሪያው ቀን ሳቅ ነበር። የቀረው ሳምንት ግን ሳቅ አልነበረም። ውሻው ደረጃው ላይ በላ፣ ደረጃው ላይ ተኛ፤ ፀጉሩ በየማዕዘኑ ተከማቸ፤ የሚወጣና የሚወርደውን ሁሉ ተነሥቶ እያሸተተ ያሳልፋል። ግቢው ውስጥ እንዳናኖረው፣ ባለቤት ሳይይዘው የተገኘ ውሻ ይወሰዳል፤ ደግሞም አመሻሽ ላይ ከሸለቆው ከርከሮዎች ወደ ቆሻሻ ገንዳው ይወጣሉ። አያቴ መጀመሪያ ያዩአቸው ዕለት ከበረንዳው አንገታቸውን አስግገው፣ “ይኸ ከተማ ነው ወይስ በረሃ?” ብለው ጠይቀውኛል።

እናቴ ከሥራ ስትመለስ በየቀኑ ትሞክራለች። ሥጋ ከበሩ ወዲህ አስቀመጠች፤ አንበሴ አንገቱን እስከሚችለው ድረስ አስረዝሞ፣ እግሩን ሳያነቃንቅ፣ ሥጋውን ተመለከተው። አቅፋ አስገባችው፤ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወለሉ ላይ ተነጠፈ፣ ተንቀጠቀጠ፣ እንደለቀቀችው ተፈትልኮ ወጣ።

“አባዬ፣ እርስዎ ይዘዙት” አለች። “እዚህ አገር እኮ ውሻ ሶፋ ላይ ነው የሚተኛ።”

“ሶፋ ላይ የተኛ ውሻ ምን ይጠብቃል?”

“ሶፋውን።”

አያቴ ሳይወዱ ሳቁ። ግን አላዘዙም። “ከቡችላነቱ አትግባ ያልኩትን ዛሬ ግባ ብለው፣ ነገ ቃሌን ምን ብሎ ይሰማዋል?”

ከፊት ለፊታችን ያለው በር የማዛል ነው። ከሞሮኮ በልጅነቷ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ድምፅዋ ከሁለት ፎቅ በታች የሚሰማ ሴት ናት። ያን ያህል ዓመት ጎረቤት ሆነን ስንኖር ከእኔ ጋር “ሻሎም” ከመባባል አላለፍንም ነበር፤ ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፣ እኔ ሁልጊዜ ቁልፌን የምፈልግ መስዬ ነው የማልፋት። አንበሴ በመጣ በሦስተኛው ቀን ዘንቢሏን ይዛ ደረጃው መሀል ቆማ፣ “ይኸ ምንድን ነው? ቤት የላችሁም?” አለችኝ። እኔም ልብሴን እያየሁ “አይገባም” አልኳት። “ማን ነው የከለከለው?” “ራሱ።” ማዛል በዕድሜዋ ብዙ ሰበብ ሰምታለች፤ ይህን ዓይነቱን ግን አልሰማችም መሰለኝ፣ በሯን ዘጋች።

በማግስቱ ሺሞን መጣ። ሺሞን የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ እዚህ ቫዓድ ባይት እንለዋለን። ክፉ ሰው አይደለም። ጎንበስ ብሎ አንበሴን ከጆሮው ሥር አከከው፣ ከዚያ ቀና ብሎ፣ “ደስ የሚል ውሻ ነው። ግን ደረጃው የሁሉም ነው። ሰው እያማረረ ነው። እስከ እሑድ ወይ ይግባ ወይ ለሰው ስጡት። ካልሆነ ማዘጋጃ ቤቱ ጋ መደወል ግዴታዬ ነው፣ መጥተው ይወስዱታል። ቤሰደር?” አለ። ይሁን ማለቱ ነው። “ቤሰደር” አልኩ፣ ይሁን የሚያሰኝ ነገር ባይኖረውም።

ለአያቴ ማስተርጎም ነበረብኝ። ቀስ አድርጌ ነገርኳቸው። የተቀመጡበትን የበረንዳ ወንበር ክንድ በመዳፋቸው ዳበሱት፣ ባሕሩን አዩ።

“እሱን ከወሰዱት የእኔንም ትኬት ቁረጪ።”

“አባባ…”

“አልተቆጣሁም። ነገሩ ነው። እሱን አስወስጄ እዚህ ወንበር ላይ ብቀመጥ የተቀመጥኩት እኔ አይደለሁም።”

እናቴ ይህን ስትሰማ ወደ ወጥ ቤት ገብታ የታጠበ ድስት እንደገና ማጠብ ጀመረች። አባቷን ስንት ዓመት ጠብቃ ገና ሳምንት አልሞላቸውም።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ አያቴ ያላሰብነውን አደረጉ። ተነሥተው በሩ ጋ ሄዱ፣ ከወገባቸው ዝቅ ብለው መዳፋቸውን እብነ በረዱ ላይ አሳረፉ፣ ከዚያ እጃቸውን ወደ ውስጥ ስበው፣ “ና፣ ግባ” አሉት። ድምፃቸው እንደ ሌላ ጊዜ አልነበረም። አንበሴ ተነሣ። ጭራውን ቆላ። ፊታቸውን አየ፣ እጃቸውን አየ። ከዚያ ተመልሶ በነበረበት ተቀመጠ።

አያቴ ቀና ሲሉ ወገባቸውን ይዘው ነበር። “እንግዲህ ቃሌን ከእኔ ይልቅ እሱ ጠበቀው” አሉና ወደ በረንዳው ተመለሱ። እንደ ኩራትም እንደ ሽንፈትም ነበር፤ የትኛው እንደበለጠ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እኔ ግን ሌላ ነገር ያዘኝ፤ ማወቅ ፈለግሁ። ይህ ውሻ መስመሩን እንዴት አወቀው? እንጨት የለም፣ የሣር ክዳን የለም፣ በሩ ብረት ነው፣ ሽታው ሁሉ ሌላ ነው። ይዤው ስወጣ ማየት ጀመርኩ። አውቶቡስ ውስጥ ያለ ማመንታት ገባ። ከታች ያለችው ሱቅም ገብቶ ባለሱቁ እስኪያባርረው ድረስ እርጎዎቹን አሸተተ። ለምዝገባ የወሰድኩት የእንስሳት ሐኪም ቤትም ከእኔ ቀድሞ ገባ። ሌላው በር ሁሉ በር ነው፤ ደፍ ያለው የእኛ ቤት ብቻ ነው። ይህን አስተውዬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ምን እንደሚጠቅም አላወቅሁማ።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ሕንፃው ሁሉ የምግብ ሽታ ነው። ከእኛ ቤት የሰንበት ዳቦ፣ ከማዛል ቤት በቀይ በርበሬና በድንብላል የተሠራ ዓሣ። ማዛል ወለሏን እያጠበች ነበር። እዚህ ስፖንጃ ይሉታል፤ ባልዲ ሙሉ ውሃ ወለሉ ላይ ይደፋል፣ ከዚያ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ባለ ጎማ እየተገፋ ይወጣል። በሯን ከፍታ ውሃውን ወደ ደረጃው ስትገፋው ምንጣፋችን ላይ የተኛው አንበሴ ሥር ገባ። እኔ ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ነበር። ውሻው ብድግ አለ፣ ሰውነቱን አራገፈ፣ ግራና ቀኝ አየ፣ ከዚያ በማዛል እግር አጠገብ አልፎ ዘው ብሎ ወደ ቤቷ ገባ።

“ኧረ! ወለሌን!” ጮኸች።

ተከትዬው መግባት ነበረብኝ። በሕይወቴ ሰው ቤት ሳልጠራ ገብቼ አላውቅም። ጫማዬን በሩ ላይ አውልቄ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ እያልኩ፣ በእርጥቡ ወለል ላይ የእግሩን ምልክት ተከትዬ ሄድኩ። ምልክቱ ሳሎኑን ቀጥ ብሎ አቋርጦ ወደ በረንዳው ይሄዳል።

የማዛልና የእኛ በረንዳ ጎን ለጎን ነው፤ የሚለየው ከወለል እስከ ጣሪያ የቆመ ስስ የፕላስቲክ ግድግዳ ነው። አንበሴ አፍንጫውን ከግድግዳው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍተት ከትቶ፣ ጭራው የማዛልን የአበባ ማሰሮ እየመታ፣ ሲያለቃቅስ አገኘሁት። ከወዲያ በኩል የወንበር ድምፅ ተሰማ።

“አንበሴ? ከየት መጣህ?”

የአያቴ ጣቶች ከግድግዳው ሥር ወጡ። አንበሴ ላሳቸው።

ማዛል የስፖንጃውን እንጨት እንደያዘች ከኋላዬ ቆማለች። “ቆይ” አለች። “የእኔ ቤት ገባ።”

“አዎ። ይቅርታ።”

“የእናንተ ግን አይገባም።”

“አዎ።”

“የእኔ ቤት ቤት አይደለም ማለት ነው?”

ቁጣዋ የእውነት ይሁን የቀልድ አልገባኝም። አያቴ ከወዲያ “ምን አለች?” አሉ። ተረጎምኩላቸው። አያቴ በጥሞና አሰቡበት፤ ለማሰብ ጊዜ የሚወስዱ ሰው ናቸው። ከዚያ በግድግዳው ማዶ ሆነው፣ “እንዲህ በያት። በሰው ቤት እንግዳ ነው፤ እንግዳ ይገባል፣ ያውም ሲገባ ደስ ይላል። በራሱ ቤት ግን ጠባቂ ነው። ጠባቂ ቦታው ደጅ ነው። ደግሞ ወለሉን አበላሽቶባት እንደሆነ ልጂቱ ታጥብላት” አሉ።

ስተረጉም ማዛል ሳታቋርጠኝ ሰማች። እኔ ግን እየተረጎምኩ ሳለሁ፣ በአፌ ውስጥ እያለ፣ ነገሩ ገባኝ። አንበሴ የሚፈልገው ቤቱን አልነበረም። ደጁን ነው። ጎንደር ላይ ሌሊቱን የሚያድርበት፣ ሰውየው ያሉበትን በር እያየ የሚጠብቅበት ግቢ ነበረው። እዚህ ያ ግቢ በረንዳው ነው፤ አያቴ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡበት። ግን ወደ ደጁ ለመድረስ በቤቱ ውስጥ ማለፍ አለበት። በቤቱ ውስጥ ደግሞ አያልፍም።

አሁን መናገር ነበረብኝ። እሑድ ከነገ ወዲያ ነው። የማዛልን ዓይን ላለማየት የአበባ ማሰሮዋን እያየሁ፣ “ግድግዳው…” አልኩ። ቆምኩ። ትጠብቀኛለች። “ግድግዳው ከሥሩ ትንሽ ቢከፈት፣ በእርስዎ ቤት እያለፈ…” ዕብራይስጥ ‘እርስዎ’ የለውም፤ በዚያ ሰዓት ግን እንዲኖረው ተመኝቼ ነበር። “ጠዋትና ማታ ብቻ። እግሩን እጠርግለታለሁ። ወለሉንም አጥባለሁ።”

ከታች መንገድ ላይ አውቶቡስ አቀበቱን እያቃሰተ ይወጣል።

“ይኽን ግድግዳ ባሌ ነው የሠራው” አለች ማዛል። “ከእናንተ በፊት የነበሩት ሰዎች የሲጋራቸውን ጭስ ወደ እኛ ይለቁ ነበርና። ስንት ዓመት ሆነው፣ እነሱ ሄዱ፣ እሱም ሄደ።” እንጨቱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወደ ውስጥ ገባች። አበቃ ብዬ አንበሴን በአንገት ማሰሪያው ያዝኩት። ተመልሳ ስትመጣ ብሎን መፍቻ ይዛ ነበር።

“ያዢው” አለችኝ። “እኔ ጉልበቴን ያመኛል፣ አንቺ ነሽ የምትንበረከኪው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ቤቴ የአውቶቡስ ጣቢያ አይደለም። በዚህ የሚያልፍ ሰው ይቀመጣል፣ ይበላል። አንገቱን ደፍቶ ሻሎም ብሎ የሚሮጥ ሰው አልፈልግም።”

የታችኛው ሰሌዳ በአራት ብሎን ነው የተያዘው። ዝገቱ እጄን አቆሸሸው። የመጨረሻው ብሎን ሲወጣ ሰሌዳው ተንሸራቶ ወደቀ፣ አንበሴም እኔን ገፍቶ አለፈ። በዚያ በኩል አያቴን አየሁ፤ ተነሥተው ቆመው ነበር። ውሻው ዙሪያቸውን ሦስት ጊዜ ዞረ፣ ከወንበራቸው አጠገብ ተጋደመ፣ ከዚያ ከበረንዳው ወደ ሳሎናችን የሚያስገባውን በር በዓይኑ ፈለገና ፊቱን ወደዚያ አዞረ። የፊት እግሮቹ ከመስመሩ ወዲህ። ትንፋሹን ረጅም አድርጎ ለቀቀ።

እሑድ ሺሞን ሲመጣ ደረጃው ንጹሕ ነበር። “ገባ ማለት ነው?” አለኝ። “አልገባም፣ ግን ቤቱ ነው ያለው” አልኩት። ሺሞን ትንሽ አየኝና፣ ቤሰደር ብሎ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ የማዛልን በር አንኳኳሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ከማንኳኳቴ በፊት የምለውን በልቤ እደግም ነበር። እሷ ግን ምንም እንድል አትጠብቅም፤ ብስኩት ታስጨብጠኛለች፣ ናና ያለበት ሻይ ትቀዳለች፣ ስለ ልጇ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ሺሞን ታወራለች። አንበሴ ያን ጊዜ ቀድሞኝ አልፎ ሄዷል። እኔ ተቀምጬ እቀራለሁ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ መምህራኑ ፊት ለመናገር ያን ያህል ያልፈራሁት በማዛል ወጥ ቤት ስለተለማመድኩ ይመስለኛል።

አያቴ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ሊያመሰግኑ ሄዱ። በሯ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ብቻዋን የምትኖር ሴት ቤት እንዲህ ዘው ብሎ አይገባም። እሷ ከውስጥ ግቡ ትላለች፣ እሳቸው ከውጭ እዚሁ ይበቃኛል ይላሉ፣ እኔ መሀል ቆሜ አስተረጉማለሁ። በመጨረሻ ማዛል እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ “ለውሻው ያልከለከለውን ለራሱ ነው የሚከለክለው?” አለች። ተረጎምኩ። አያቴ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ፤ እየሳቁም ገቡ።

ማዛል ለበዓል ልጇ ጋ ስትሄድ ቁልፏን ትሰጠን ነበር። እናቴ በዚህ አትጠግብም፤ “የሰው ቤት ከፍተን ውሻችንን ወደ ቤቱ እናስገባለን” እያለች ለሥራ ባልደረቦቿ ታወራለች። አንበሴ ብዙ ዓመት ኖረ። በበረንዳው ላይ ሆኖ ከርከሮዎቹን በወጉ ጮኸባቸው፣ ሺሞንንም ጮኸበት። ሲያረጅ አቅፌ ደረጃውን አወጣው ነበር፤ ያኔ እንኳ በማዛል በኩል ነበር የምናልፈው። የእኛን ደፍ አንድም ቀን አልተሻገረም።

ለኖዓ ይህን ሁሉ እንዴት እንደምነግራት አላወቅሁም። ባቡሩ ውስጥ ስልኬን አውጥቼ፣ “እዚያ ስትደርሱ የድመቷን ሳጥን ከመክፈታችሁ በፊት የጎረቤቱን በር አንኳኩ” ብዬ ጻፍኩላት። ወዲያው መለሰችልኝ፤ “ይኸም ግዴታ ነው?” አለች። “አይደለም” ብዬ ልልክ ነበር፤ ከዚያ ደመሰስኩና፣ “የእኛ ግዴታ ነበር” አልኳት።

ዓርብ እንደ ልማዴ ወደ ኔቬ ዮሴፍ ሄድኩ። መጀመሪያ ማዛል ጋ ነው የምገባው፤ አሁን አርጅታለች፣ በሯን ሳትቆልፍ ትጠብቀኛለች። ዓሣዋን አቀመሰችኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ቤት ተሻግሬ በረንዳው ላይ ከአያቴ ጎን ተቀመጥኩ። ዘጠና ዓመታቸውን ሳያልፉ አይቀሩም፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ባሕሩን የሚያዩት በፊታቸው ላይ በሚያርፈው ነፋስ ነው። አንበሴ ከሞተ ወዲህ ሰሌዳውን ማንም አልመለሰውም። በዚያ በኩል ጎማው ወለሉን ሲፍቅ ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ ከግድግዳው ሥር ዝርግ ሳህን፣ በላዩ የሻይ ብርጭቆ፣ ከኋላው የስፖንጃው እንጨት ጫፍ፣ ቀስ እያለ ወደ እኛ መጣ። ማዛል ጎንበስ ማለት ስለማትችል እንዲህ ነው የምታሳልፈው።

አያቴ ድምፁን ሰምተው እጃቸውን ወደ ታች ዘረጉ፣ የብርጭቆውን ሙቀት እስኪያገኙ ድረስ ወለሉን ዳበሱ።

“ከየት መጣህ?” አሉት።